ኤራስመስ፡- ውድቅ ከተደረገ ትራንስክሪፕት የተነሳው የአውሮፓ ተማሪዎች ልውውጥ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሞጁላር ሥርዓተ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ የተማረ ሰው ከኮርሱ ስም ጎን “ኢሲቲኤስ” የሚል ቁጥር ሳያይ አልቀረም፡፡ ቁጥሩ 5 ወይም 7 ይሆናል፡፡ ተማሪውም ከለመደው ክሬዲት አወር በምን እንደሚለይ ብዙም ሳይጠይቅ ኮርሱን ወስዶ ያልፋል፡፡ ይህ መለኪያ የመጣው ከአውሮፓ ነው፡፡ የተፈጠረውም አንድ ተማሪ በሌላ አገር የተማረውን ትምህርት የገዛ ዩኒቨርሲቲው “አላውቀውም” እንዳይለው ታስቦ ነው፡፡ መለኪያውን የወለደው የልውውጥ ፕሮግራም ኤራስመስ ይባላል፡፡

ኤራስመስ ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራሞች ሁሉ በስፋቱ የታወቀ ነው፡፡ በኢትዮጵያም ቢሆን ስሙ እንግዳ አይደለም፡፡ “ኤራስመስ ሙንዱስ” የተባለው የሁለተኛ ዲግሪ ስኮላርሺፕ በየዓመቱ በርካታ አመልካቾች የሚጠብቁት ዕድል ሆኗል፡፡ ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ከየት ተነስቶ እንዴት እዚህ እንደደረሰ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፡፡ በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን ከመነሻው እናቀርባለን (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡

የሮማዋ ተማሪ

ሶፊያ ኮራዲ በ1934 በሮም ከተማ ተወለዱ፡፡ በሮም ላ ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ሳሉ የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠውን የፉልብራይት ስኮላርሺፕ አግኝተው ወደ ኒውዮርክ አቀኑ፡፡ እዚያም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የንጽጽር ሕግ ተምረው የማስተርስ ዲግሪ ይዘው በ1958 ተመለሱ፡፡

ሮም ሲደርሱ የቀራቸውን ትምህርት ለማጠናቀቅ ፈልገው በአሜሪካ የወሰዷቸው ኮርሶች እንዲያዙላቸው ለዩኒቨርሲቲያቸው አመለከቱ፡፡ ያገኙት መልስ ግን እምቢታ ነበር፡፡ ኮራዲ ከጊዜ በኋላ ደጋግመው እንደተናገሩት ጉዳያቸውን የተመለከተው የአስተዳደር ሠራተኛ በሌሎች ተማሪዎች ፊት አሳፈራቸው፤ የአሜሪካ ቆይታቸውንም እንደ ሽርሽር ቆጠረባቸው፡፡ በዓለም ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ የተገኘው ማስረጃ ዋጋ አጣ፡፡ ኮራዲም በሮም የቀሩባቸውን ፈተናዎች ለመውሰድ ሌላ ዓመት ማሳለፍ ግድ ሆነባቸው፡፡

በዚያን ዘመን ይህ የኮራዲ ብቻ ችግር አልነበረም፡፡ ወደ ሌላ አገር ሄዶ የሚማር ሰው ሲመለስ ዓመቱ እንደባከነ ይቆጠርበት ነበር፡፡ ስለዚህ አቅሙም ፍላጎቱም ያለው ተማሪ እንኳ ከአገሩ መውጣቱን ይተወው ነበር፡፡

ኮራዲ ቂማቸውን ወደ ሥራ ለወጡት፡፡ ትምህርታቸውን ጨርሰው የኢጣሊያ ዩኒቨርሲቲ ሬክተሮች ጉባኤ አማካሪ በሆኑ ጊዜ፣ በ1969፣ አንድ ሐሳብ በጽሑፍ አቀረቡ፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነበር፡፡ ተማሪው ከመሄዱ በፊት በውጭ አገር የሚወስዳቸውን ኮርሶች ዝርዝር ለፋኩልቲው ያቅርብ፤ ፋኩልቲው አስቀድሞ ያጽድቅለት፤ ተማሪው ሲመለስ ደግሞ ያለፈባቸው ኮርሶች ያለ ክርክር ይያዙለት የሚል ነው፡፡ ዛሬ በልውውጥ የሚሄድ እያንዳንዱ ተማሪ ከጉዞው በፊት የሚፈርመው “የትምህርት ስምምነት” የሚባለው ሰነድ መሠረተ ሐሳቡ ይኸው ነው፡፡

ኢጣሊያውያን ኮራዲን “እማማ ኤራስመስ” ይሏቸዋል፡፡ በ2016 ከስፔን ንጉሥ እጅ የካርሎስ አምስተኛ የአውሮፓ ሽልማትን ተቀብለዋል፤ በኦክቶበር 2025 በ91 ዓመታቸው አርፈዋል፡፡ ሆኖም ፕሮግራሙ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፡፡ ከሐሳቡ እስከ አፈጻጸሙ 18 ዓመታት አልፈዋል፤ በእነዚህ ዓመታት ውስጥም ብዙ እጅ ገብቶበታል፡፡

የመጀመሪያው ሙከራ

የዛሬው የአውሮፓ ኅብረት በ1957 በሮማ ስምምነት ሲመሠረት ዋና ጉዳዩ ንግድና ኢኮኖሚ ነበር፡፡ ስምምነቱ ስለ ሙያ ሥልጠና ቢያነሳም ስለ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚለው ነገር አልነበረም፡፡ ትምህርት የየአገሩ የውስጥ ጉዳይ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር የጋራ ፕሮግራም ማቋቋም እንደ ጣልቃ ገብነት የሚታይ ነበር፡፡

በር የተከፈተው በ1976 ነው፡፡ በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ የአባል አገሮች የትምህርት ሚኒስትሮች የመጀመሪያውን የጋራ የትምህርት የድርጊት መርሐ ግብር ተቀበሉ፡፡ በዚሁም መሠረት “የጋራ የጥናት ፕሮግራሞች” የተባለ ሙከራ ተጀመረ፡፡ ሥራውን በአውሮፓ ኮሚሽን ውስጥ ይመሩ የነበሩት ሃወል ኬሪ ጆንስ የተባሉ የዌልስ ተወላጅ ነበሩ፡፡

አሠራሩ እንዲህ ነው፡፡ በሁለት አገሮች የሚገኙ ሁለት የትምህርት ክፍሎች ተስማምተው ተማሪዎቻቸውን ይለዋወጣሉ፤ ኮሚሽኑ ደግሞ ለዝግጅቱ አነስተኛ ገንዘብ ይሰጣል፡፡ ሙከራው ለ10 ዓመታት ዘልቆ ሁለት ትምህርቶችን ጥሎ አለፈ፡፡ አንደኛው መምህራን ተገናኝተው ከተማመኑ የኮርስ ዕውቅና ጉዳይ ሊፈታ የሚችል መሆኑ ነው፡፡ ሁለተኛው ተማሪው ራሱ ገንዘብ ካልተሰጠው በስተቀር ስምምነቱ ወረቀት ላይ እንደሚቀር ነው፡፡ ገንዘቡ ለትምህርት ክፍሎች እንጂ ለተማሪው ኪስ ባለመሆኑ የተሳታፊው ቁጥር አነስተኛ ሆኖ ቀረ፡፡

የፍርድ ቤቱ ውሳኔና የገንዘቡ ክርክር

ለሰፊው ፕሮግራም መንገድ ከጠረጉት ነገሮች አንዱ ያልተጠበቀ የፍርድ ቤት ክርክር ነው፡፡ አንዲት ፈረንሳዊት ወጣት በቤልጂየም ሊዬዥ ከተማ በሚገኝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሥዕላዊ ታሪክ (ኮሚክ) አሣሣል ለመማር ትመዘገባለች፡፡ ትምህርት ቤቱ ከቤልጂየም ተማሪዎች የማይጠየቅ ልዩ የመመዝገቢያ ክፍያ ጠየቃት፡፡ ተማሪዋ ከሰሰች፤ ጉዳዩም እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ፡፡ ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 1985 በሰጠው ውሳኔ ለአንድ ሙያ የሚያዘጋጅ ትምህርት ሁሉ እንደ ሙያ ሥልጠና እንደሚቆጠር፣ በዜግነት ለይቶ ማስከፈልም የተከለከለ መሆኑን ወሰነ፡፡ የሙያ ሥልጠና ደግሞ በሮማው ስምምነት ውስጥ የተጠቀሰ ጉዳይ ነው፡፡ በዚህ መንገድ ኮሚሽኑ ስለ ከፍተኛ ትምህርት ሐሳብ የሚያቀርብበት የሕግ መሠረት አገኘ፡፡

በዣክ ደሎር የሚመራው ኮሚሽን ረቂቁን በ1986 መጀመሪያ ለአባል አገሮች አቀረበ፡፡ ክርክሩ ግን ከባድ ነበር፡፡ ትልልቆቹ አገሮች በገንዘቡ መጠን አልተስማሙም፡፡ በዓመቱ መጨረሻ ሚኒስትሮቹ በጀቱን እጅግ ዝቅ ለማድረግ በመሞከራቸው ኮሚሽኑ ረቂቁን አንስቶ ተመለሰ፡፡ የትምህርት ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ስፔናዊው ኮሚሽነር ማኑዌል ማሪን እንዲህ ባለ ገንዘብ የሚጀመር ፕሮግራም ከሚኖር ቢቀር ይሻላል የሚል አቋም ያዙ፡፡

በዚህ ወቅት ተማሪዎች ወደ መድረኩ ብቅ አሉ፡፡ ፍራንክ ቢያንሼሪ የተባለ ፈረንሳዊ ተማሪ በ1985 በፓሪስ የአውሮፓ ተማሪዎች ማኅበር አቋቁሞ ነበር፡፡ ማኅበሩ በየአገሩ ያሉ ባለሥልጣናትን ሲወተውት ቆይቶ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራንን አነጋገረ፤ ድጋፋቸውንም አገኘ፡፡ በመጨረሻም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰኔ ወር ውስጥ፣ ጁን 15 ቀን 1987፣ ፕሮግራሙን አጸደቀ፡፡ ለሦስት ዓመታት የተመደበው 85 ሚሊዮን ኢኪዩ ነበር (ኢኪዩ ከዩሮ በፊት አገሮቹ ለሒሳብ ይጠቀሙበት የነበረ መለኪያ ነው)፡፡

ክርክሩ በዚህም አላበቃም፡፡ ኮሚሽኑ ምክር ቤቱ የተጠቀመበትን የሕግ አንቀጽ በመቃወም ፍርድ ቤት ሄደ፡፡ ፍርድ ቤቱ በሜይ 1989 ክሱን ውድቅ ቢያደርገውም ፕሮግራሙ ሕጋዊ መሆኑ ጸና፡፡

በመጀመሪያው ዓመት 11 አገሮች ተሳተፉ፡፡ የተጓዙት ተማሪዎች ቁጥር 3,244 ነበር፡፡

ስሙ

“ኤራስመስ” የሚለው ስም የፕሮግራሙ ረዥም የእንግሊዝኛ መጠሪያ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ የሚሰጠው ቃል ነው፡፡ ይሁንና በአጋጣሚ የተገኘ ስም አይደለም፡፡ የሮተርዳሙ ዴሲዴሪየስ ኤራስመስ በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የሆላንድ ሊቅ ሲሆን፣ በፓሪስ ተምሯል፤ በ1506 በኢጣሊያ ቱሪን የነገረ መለኮት ዶክትሬት ተቀብሏል፤ በእንግሊዝ ካምብሪጅ አስተምሯል፤ በሉቨንና በባዝል ኖሯል፡፡ በ1536 ያረፈውም በባዝል ነው፡፡

ሊቁ ከአገር አገር ሲዘዋወር የሚናገረው በላቲን ነበር፡፡ በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ በአንድ ቋንቋ ያስተምሩ ስለነበር አንዱ የሌላውን ትምህርት ለማወቅ አይቸገርም፡፡ በአገራችንም የቆሎ ተማሪ ዜማውን ከአንዱ ደብር፣ ቅኔውን ከሌላው፣ መጻሕፍቱን ከሦስተኛው እየተማረ ሲዞር ግዕዙ አንድ በመሆኑ የተማረው የትም ይታወቅለት ነበር፡፡ የ20ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ግን ቋንቋውም፣ የዲግሪው ዕድሜም፣ የነጥብ አሰጣጡም በየአገሩ የተለያየ ነበር፡፡ ስለዚህ ላቲንን የሚተካ መግባቢያ ማግኘት አስፈላጊ ሆነ፡፡

መለኪያው እንዴት ተሠራ?

መግባቢያው የተገኘው በቁጥር ነው፡፡ በ1989 በ145 ተቋማት፣ በአምስት የትምህርት ዓይነቶች፣ ማለትም በቢዝነስ አስተዳደር፣ በኬሚስትሪ፣ በታሪክ፣ በሜካኒካል ምህንድስናና በሕክምና፣ የአውሮፓ የክሬዲት ማሸጋገሪያ ሥርዓት ተሞከረ፡፡ ኢሲቲኤስ የሚባለው ይኸው ነው፡፡

ሥርዓቱ የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርትን 60 ክሬዲት ብሎ ይነሳል፤ አንድ ሴሚስተር 30 ይሆናል ማለት ነው፡፡ ከተለመደው ክሬዲት አወር የሚለየው የሚቆጥረው ነገር ነው፡፡ ክሬዲት አወር በዋናነት መምህሩ ክፍል ውስጥ የሚያሳልፈውን ሰዓት ይለካል፡፡ ኢሲቲኤስ ግን የተማሪውን ድካም በሙሉ፣ ክፍል የገባበትን፣ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠበትን፣ ላቦራቶሪ የሠራበትንና ለፈተና የተዘጋጀበትን ጊዜ አንድ ላይ ይቆጥራል፡፡ አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ይገመታል፡፡ በዚህ ስሌት በሊዝበን 6 ክሬዲት ያገኘ ተማሪ በበርሊን 6 ክሬዲት ይያዝለታል፡፡

የቀረው አሠራር በአራት ነጥቦች ይጠቃለላል፡፡

1ኛ/ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች አስቀድመው በመካከላቸው የልውውጥ ስምምነት ይፈራረማሉ፡፡

2ኛ/ ተማሪው የሚወስዳቸውን ኮርሶች ዝርዝር ራሱ፣ ላኪው ዩኒቨርሲቲና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ይፈርሙበታል፡፡

3ኛ/ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፡፡

4ኛ/ ተማሪው ውጭ አገር በመኖሩ ለሚጨምርበት ወጪ መደጎሚያ የሚሆን ገንዘብ ይሰጠዋል፡፡ ገንዘቡ ሙሉ ስኮላርሺፕ አይደለም፡፡

ዲግሪውን የሚሰጠው ላኪው ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ ተማሪው ጊዜውን ሲጨርስ ይመለሳል፡፡

ዕድገቱ

ፕሮግራሙ ከዓመት ዓመት ሰፋ፡፡ በ1995 ሶቅራጥስ በተባለ ሰፊ የትምህርት ፕሮግራም ውስጥ ተካተተ፡፡ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ገቡ፤ በ2004 ቱርክ ተቀላቀለች፡፡ በጁን 1999 የ29 አገሮች ሚኒስትሮች በቦሎኛ ተሰብስበው የዲግሪዎቻቸውን መዋቅር ለማቀራረብ የፈረሙት መግለጫም በልውውጡ ከተገኘው ልምድ ብዙ ወስዷል፡፡

በ2002 የተጓዦቹ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ሞላ፡፡ በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ሴድሪክ ክላፒሽ በባርሴሎና አንድ ቤት ተከራይተው ስለሚኖሩ የልውውጥ ተማሪዎች የሠራው ፊልም የፕሮግራሙን ስም በየቤቱ አስገባ፡፡ ሁለተኛው ሚሊዮን በ2009፣ ሦስተኛው በ2013 ተሞላ፡፡ ከ2014 ጀምሮ ፕሮግራሙ “ኤራስመስ ፕላስ” ተብሎ የሙያ ሠልጣኞችን፣ መምህራንንና ወጣቶችን ጨምሮ ይዟል፡፡ ለ2021 እስከ 2027 የተመደበለት በጀት 26 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነው፡፡ ከ1987 ጀምሮ የተሳተፉት ሰዎች ቁጥር በሁሉም ዘርፍ ከ15 ሚሊዮን በላይ ደርሷል፡፡

የአውሮፓ ኮሚሽን በ2014 ይፋ ያደረገው ጥናት በልውውጥ የሄዱ ተማሪዎች ለረዥም ጊዜ ሥራ አጥ የመሆን ዕድላቸው ካልሄዱት በግማሽ ያነሰ መሆኑን አመልክቷል፡፡ ብዙዎች የሚያስታውሱት ግን ሌላውን ቁጥር ነው፡፡ ከተጓዦቹ 27 በመቶ የሚሆኑት የረዥም ጊዜ የፍቅር አጋራቸውን ያገኙት በዚያ ቆይታ ነው፡፡

ፖለቲካ ሲገባበት

የልውውጥ ፕሮግራም በመንግሥታት ስምምነት ላይ የቆመ ስለሆነ መንግሥታት ሲጣሉ የሚጎዳው ተማሪው ነው፡፡ ስዊዘርላንድ በፌብሩዋሪ 2014 ስደትን ለመገደብ ሕዝበ ውሳኔ ካደረገች በኋላ ከኤራስመስ ፕላስ ሙሉ ተሳትፎ ወጥታ የራሷን ምትክ ለማቋቋም ተገዳለች፡፡ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ በ2020 መጨረሻ ከፕሮግራሙም ወጥታ “ቱሪንግ” የተባለ የራሷን ፕሮግራም ጀመረች፡፡ ቱሪንግ ወደ ውጭ ለሚሄዱ ተማሪዎች ድጎማ ሲሰጥ ወደ እንግሊዝ ለሚመጡት ግን አይሰጥም፤ ስለዚህ ልውውጥነቱ ጎደሎ ነው የሚል ትችት ገጥሞታል፡፡ በ2025 መጨረሻ ግን እንግሊዝ በ2027 ወደ ኤራስመስ ፕላስ ለመመለስ መስማማቷ ተገልጿል፡፡ በሀንጋሪ ደግሞ በፋውንዴሽኖች ሥር የተዛወሩ ዩኒቨርሲቲዎች በ2022 መጨረሻ በተላለፈ የኅብረቱ ውሳኔ አዲስ የኤራስመስ ገንዘብ እንዳያገኙ ታግደዋል፡፡

ሌላም የቆየ ነቀፌታ አለ፡፡ ድጎማው የኑሮውን ወጪ በሙሉ የማይሸፍን በመሆኑ ዕድሉ የሚደርሰው ይበልጡን ወላጆቹ ሊደግሙለት ለሚችሉ ተማሪዎች ነው፡፡ እየሠራ የሚማር፣ ቤተሰብ የሚጦር ተማሪ ስድስት ወር ሥራውን ጥሎ መሄድ አይችልም፡፡ ኤራስመስ ፕላስ አቅም ለሌላቸው ተጨማሪ ክፍያ ቢያደርግም ነቀፌታው ሙሉ በሙሉ አልቀረም፡፡

ኤራስመስ ሙንዱስና ኢትዮጵያውያን

እስከ 2003 ድረስ ኤራስመስ የአውሮፓውያን ጉዳይ ነበር፡፡ በዚያ ዓመት ማብቂያ ላይ የጸደቀውና በ2004 የተጀመረው ኤራስመስ ሙንዱስ በሩን ለሌላው ዓለም ከፈተ፡፡ “ሙንዱስ” በላቲን ዓለም ማለት ነው፡፡ የተለያዩ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ተጣምረው አንድ የማስተርስ ፕሮግራም ይቀርጻሉ፤ ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች እየተዘዋወረ ይማራል፤ ሲጨርስም የጋራ ወይም ከአንድ በላይ ዲግሪ ይቀበላል፡፡

ከመጀመሪያው ኤራስመስ በተለየ ይህ ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው፡፡ ከ2021 ወዲህ ባለው አሠራር የትምህርት ክፍያው የሚሸፈን ሲሆን ተማሪው ቢበዛ ለ24 ወራት በየወሩ 1,400 ዩሮ ይከፈለዋል፡፡ ማመልከቻው በቀጥታ ለፕሮግራሙ አዘጋጅ ዩኒቨርሲቲዎች ነው የሚቀርበው፡፡ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚቀበሉት ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ጊዜ ነው፡፡ “እኔ አስገባችኋለሁ” የሚል ደላላ ቦታ የለውም፤ ገንዘብ ከፍሎ የሚገኝ ስኮላርሺፕም የለም፡፡

ኢትዮጵያውያን ተመራቂዎች ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ በዚህ ዕድል ተጠቅመዋል፡፡ እንደ ጥንቱ ኤራስመስ ላጭር ጊዜ ሄዶ የሚመለሱበት ልውውጥም ከ2015 ጀምሮ ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ክፍት ሆኗል፡፡ ከዚህ ሌላ የአውሮፓ ኅብረት በ2011 የጀመረው የአፍሪካውያን የእርስ በርስ ልውውጥ አለ፡፡ በዚህኛው የአፍሪካ ተማሪ የሚሄደው ወደ ሌላ የአፍሪካ አገር ሲሆን የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ተሳትፈውበታል፡፡

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ማለት ይገባል፡፡ የመጀመሪያው ኤራስመስ ተማሪውን ሲልክ ከኋላው የሚጠብቀው ዩኒቨርሲቲ አለ፡፡ ዲግሪው ያለው እዚያ ነው፤ ኮርሱ የሚያዝለትም እዚያ ነው፤ ስለዚህ ይመለሳል፡፡ በሙንዱስ የሚሄድ ተማሪ ግን በአገሩ የጀመረውን ትምህርት ጨርሶ የሚሄድ ነው፡፡ ከኋላው የሚጠብቀው ስምምነት የለም፡፡ መመለስና አለመመለሱ ለእሱ የሚተው ነው፡፡ ስለ ምሁራን ፍልሰት የሚነሳው ክርክር መልስ የሚያጣው ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ነው፡፡ ተማሪን የሚመልሰው ተቀባዩ አገር የሚያወጣው ሕግ ብቻ ሳይሆን ላኪው ዩኒቨርሲቲ የሚያስቀምጥለት ቦታም ጭምር ነው፡፡

ኢሲቲኤስ በእኛ የኮርስ ዝርዝሮች ላይ ከገባ ዓመታት አልፈዋል፡፡ መለኪያው የተፈጠረበት ዓላማ ግን ቁጥሩን ለመጻፍ አልነበረም፡፡ አንድ ተማሪ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ሲሻገር የተማረው አብሮት እንዲሻገር ነው፡፡ በአገር ውስጥ እንኳ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው የተዛወረ ተማሪ የወሰዳቸው ኮርሶች እንዲያዙለት በሬጅስትራር በር ላይ የሚመላለስ ከሆነ ቁጥሩ ብቻውን ሥራውን አልሠራም ማለት ነው፡፡ ሶፊያ ኮራዲ በ1958 ሮም ውስጥ የጠየቁትም ከዚህ የበለጠ አልነበረም፡፡ የተማሩት ትምህርት እንደተማሩት እንዲቆጠርላቸው ብቻ ነው የጠየቁት፡፡